ከአድዋ ጅረት እስከ አዋሽ ቦይ፦ የአክሊሉ ለማ እንዶድ

ከአዳማ ተነስቶ ወደ ሶደሬ የሚወርድ መንገደኛ መልካሳ ላይ ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። ወንዙ እዚህ እስኪደርስ ብዙ ሠርቷል። ቆቃ ላይ ተገድቦ ተርባይን አዙሯል፤ ወንጂ ላይ የሸንኮራ ማሳ አጠጥቷል። ከመልካሳ ወዲያም ኑራ ኤራ፣ አባድር፣ መተሐራ እያለ በቦይ በቦይ ይከፋፈላል። የዶክተር አክሊሉ ለማን የምርምር ዘመን ከዚህ ወንዝ መጀመሬ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል፤ ስማቸው የሚነሳው ከአድዋ ጋር ነውና። እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙት አድዋ ነው፤ እውነት ነው። መድኃኒቱን ይበልጥ የፈለገው ግን እንዲህ ያለ በቦይ የተሸነሸነ ቆላ ነበር። በዚህ ትረካ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ፊቱን አዙሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የተዋዋለው በ1951 ነበር። በ1954 የወንጂ ፋብሪካ ስኳር አወጣ። በ1960 የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ ወንዙም ዓመቱን ሙሉ በልክ የሚፈስ ሆነ። በ1966 መልካሳ አቅራቢያ ሁለተኛው የአዋሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተከተለ። አገሪቱ በዚያ ዘመን የምትኮራባቸው ሥራዎች እነዚህ ነበሩ፤ ቢኮራባቸውም ተገቢ ነው። ይሁንና በልክ የሚፈስና የማይደርቅ ውኃ ከሸንኮራው ሌላ ወዳጅ ነበረው። ባዮምፋላሪያ የሚባለው ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ጎርፍ ጠርጎ የማይወስደው፣ ሣር የበቀለበት፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ውኃ ይወዳል። የመስኖ ቦይ ማለት ይኸው ነው።

የቢልሃርዚያ ትል ያለ ቀንድ አውጣ ከሰው ወደ ሰው አይሻገርም። በአንጀት ቢልሃርዚያ የታመመ ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። ከዕንቁላሉ የወጣው እጭ ቀንድ አውጣውን ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባና በብዙ እጥፍ ይባዛል። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ዓይነት እጭ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ውኃ የነካን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ልጅ ሲዋኝ፣ ሴት ልብስ ስታጥብ፣ የእርሻ ሠራተኛ ቦይ ሲጠርግ ይያዛል። በሽታው ቶሎ አይገድልም፤ ጉበትን እያደረቀ፣ ሆድን እየነፋ፣ ጉልበትን እየበላ ዓመታት ይቆያል። ከሩቅ አገር ለቀን ሥራ የመጣ አንድ በሽተኛና በቀንድ አውጣ የተሞላ አንድ ቦይ ሲገናኙ ቀድሞ በሽታው ያልነበረበት ቀዬ በሽታ ያመርታል። ስለዚህ ነው አክሊሉ ኋላ ላይ ቢልሃርዚያን ሰው ሠራሽ በሽታ እያሉ የጻፉት።

አክሊሉ ለማ በ1935 ተወልደው፣ በ1964 አሜሪካ ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። በዚያው ዓመት አድዋ ሄዱ። ዓላማቸው ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንዳሉ ማጥናት ነበር። በከተማዋ ጅረቶች ዳር ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ላይ ደረሱ። ከማጠቢያው ሥር ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። አንዷን አጣቢ ከእንዶድ አረፋው ትንሽ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተያዙበት ዕቃ እንድትጨምር ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ወደ ዛጎላቸው ተሸማቀው፣ ደም ፈሷቸው ሞቱ። ደም ማለቴ ለማሳመር አይደለም፤ የዚህ ዓይነቱ ቀንድ አውጣ የሰውነት ፈሳሽ እንደ እኛው ሄሞግሎቢን ስላለው ቀይ ነው።

እንዶድን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ሸማ የሚነጣበት፣ ገበያ ላይ በቁና የሚሸጥ ፍሬ ነው። ለኮሶ ትል የሚጠጡት፣ ፅንስ ለማስወረድ የሚወስዱት፣ ዓሣ ለማደንዘዝ ውኃ ውስጥ የሚበትኑትም ነበሩ። ሕዝቡ እንዶድ ሳሙናም መርዝም እንደሆነ ከጥንት ያውቃል። አክሊሉ የጨመሩት ነገር ማጠቢያውን ከቀንድ አውጣው፣ ቀንድ አውጣውን ከሕመሙ ጋር ማገናኘት ነው። በዚያ ጅረት ከእሳቸው በፊት ሺህ ሰው አልፏል፤ ቀንድ አውጣ የሚፈልግ ዓይን ይዞ ያለፈ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው አጭር ሪፖርታቸው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ሥራው ከዚህ በኋላ የመስክ ብቻ አልሆነም፤ የመርዝ ጥናት ሆነ። ስንት እንዶድ በስንት ውኃ? በስንት ሰዓት? ቀንድ አውጣን የገደለው ላምን፣ ዓሣን፣ ሰውን ምን ያደርጋል? ደርቆና ተፈጭቶ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የተበጠበጠ ሃያ ሚሊግራም ገደማ እንዶድ ቀንድ አውጣውን በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚገድል አሳዩ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ይደክምና ውኃ ውስጥ ፈራርሶ ይጠፋል። ጉድለቱንም አልደበቁም፦ የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ረጭቶ መሄድ አይሆንም፣ ዕንቁላሉ ሲፈለፈል መመለስ ያስፈልጋል።

ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ከኬሚስቱ ሮበርት ፓርክኸርስትና ከባልደረቦቹ ጋር መሥራት የጀመሩት በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ኬሚስቶቹ ከፍሬው ውስጥ ገዳዩን ለይተው ሲያወጡ ሳፖኒን ከሚባለው፣ አረፋ ከሚያወጣው የኬሚካል ቤተሰብ ሆኖ ተገኘ። ስሙንም በአግኚው ስም ለማቶክሲን አሉት። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ በመርዝ ስም መጠራቱ ደስ ያሰኛል።

አሠራሩ ራሱን የቻለ ተረት ነው። በተክሉ ላይ ያለው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ ያለው በሁለት ወገን ስኳር ታስሮ ነው፤ እንደዚያ ሳለ ቀንድ አውጣን አይጎዳም። ፍሬው ሲወቀጥ ወይም ሲፈጭና ውኃ ሲያገኝ፣ እዚያው ፍሬ ውስጥ የነበረ ኤንዛይም አንደኛውን የስኳር ጫፍ ይቆርጠዋል። መርዙ የሚፈታው ያን ጊዜ ነው። ሳይወቀጥ እንዳለ በፈላ ውኃ የተቀቀለ ፍሬ ኤንዛይሙ ስለሚሞት ኃይል አይኖረውም። እናቶቻችን እንዶድን የሚወቅጡትና በቀዝቃዛ ውኃ የሚያሹት አረፋ ፈልገው ነው፤ የኬሚስትሪውንም ሥራ ሳያውቁት ጨርሰውት ኖረዋል። ፍሬው የሚበረታው ደግሞ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሊቀላ ሲቃረብ ነው።

ሳፖኒን የሕዋስን ሽፋን ይበሳል። የቀንድ አውጣንና የዓሣን ስስ ቆዳና መተንፈሻ የሚያጠፋው ለዚህ ነው፤ በመርፌ ደም ውስጥ ቢገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል። በአፍ ሲገባ ግን አንጀት ብዙም አይቀበለውም። ከአንድ ነገር የሚወጣው ጉዳት በመጠኑና በገባበት በር ይወሰናል የሚለው የቶክሲኮሎጂ መሠረታዊ ሕግ እንዶድ ላይ በግልጽ ይታያል። ፓርክኸርስትና ሌሎች በ1970ዎቹ አጋማሽ የእንዶድን ንጥረ ነገሮች በወንድ ዘር ሕዋስ ላይ ሞክረው እንደሚገድሉ ጽፈዋል፤ ለእርግዝና መከላከያነት ይሆን እንደሁ ለማየት ነበር። ከቀንድ አውጣ ገዳይነት የተነሳው ፍሬ በአጭር ጊዜ የፋርማኮሎጂ ጉዳይም ሆኖ ነበር።

በ1969 ሁለት ሥራዎች ተጀመሩ። መልካሳ ላይ፣ ያን ጊዜ በናዝሬት ስም፣ የግብርና ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ ጣቢያው የቦሎቄ፣ የማሽላና ዝናብ አጠር አካባቢ የሚስማማ በቆሎ ቤት ሆኖ ቀጥሏል። አድዋ ላይ ደግሞ አክሊሉ ከፒተር ጎል፣ ከጆን ደንካንና ከብርሃኑ ማዘንጊያ ጋር የአምስት ዓመት ሙከራ ከፈቱ። ከአካባቢው የተሰበሰበ እንዶድ እየተፈጨ በከተማዋ ጅረቶች በየጊዜው ይረጫል፤ ሰዉ ይመረመራል፤ ውጤት ይመዘገባል። ሲጀመር ከአድዋ ነዋሪ ከመቶ ስድሳ በላይ የሚሆነው በሽታው ነበረበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። ይበልጥ የሚያሳምነው የሕፃናቱ ውጤት ነው፦ ከስድስት ዓመት በታች ባሉት ላይ 50 በመቶ የነበረው 7 በመቶ ሆነ። አዋቂው የድሮ ትል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሕፃን ካልተያዘ ግን ውኃው ነጽቷል ማለት ነው።

በመካከሉ፣ በ1970፣ የላቦራቶሪና የመስክ ውጤታቸው በራሱ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ታተመ። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ ለሚመጣው ክርክር ያስፈልጋል።

ወደ አዋሽ የዞሩት በዚሁ ዘመን ነው። ከጂኦግራፈሩ ሔልሙት ክሎስ ጋር ሆነው ኑራ ኤራን፣ አባድርን፣ መልካ ሰዲንና አሚባራን አጠኑ፤ ጽሑፉ በ1974 ወጣ። ሠራተኛ የሚሰፍርበትን ካምፕ፣ ውኃ የሚቀዳበትን ቦይ፣ ቀንድ አውጣ የሚራባበትን ማፋሰሻ እያዩ ነው የሄዱት። የተገኘው ሥዕል አንድ ወጥ አልነበረም። በላይኛው አዋሽ የአንጀት ቢልሃርዚያ ሲኖር፣ ወንዙ ወደ አፋር ሜዳ በወረደ ቁጥር ሙቀቱ ለባዮምፋላሪያ አልስማማ ይላል፤ በዚያ ፈንታ በገዋኔ ረግረግ ሌላ ቀንድ አውጣ ሌላ ዓይነት፣ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃ ቢልሃርዚያ ያስተላልፋል። ሐይቆቹም የራሳቸው አላቸው፤ ዝዋይ ላይ ባዮምፋላሪያ ሱዳኒካ የሚባለው ዝርያ ነው። በስምጥ ሸለቆ ለአንዱ ቦይ የሚሆን ዘዴ ለሌላው ይሆናል ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ጎልቶ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ሳይነገር ይታለፋል። እንዶድ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። በሽታው የሚከፋው ቆላ መስኖ ላይ ነው። የአድዋ ሰው ከአጥሩ ላይ የሚለቅመውን ፍሬ የኑራ ኤራ ሠራተኛ ከአርሲ ተራራ ማስጫን አለበት። ፍሬው ደግሞ በዱር ሲገኝ ኃይሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የወንዴና የሴቴ ተክሉም የተለያየ ነውና ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ብቻ ነው። ያለ እርሻ፣ ያለ ምርጥ ዝርያ እንዶድ ለአንድ ከተማ ይበቃ ይሆናል፤ ለአንድ ሸለቆ አይበቃም።

ይህን የተሸከሙት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። በፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ከየአገሩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ በቅርንጫፍ እያባዙ፣ ምርታቸውን፣ ኃይላቸውን፣ ድርቅና ነፍሳት የመቋቋም አቅማቸውን እያነጻጸሩ ዓመታት ሠሩ። ከመረጧቸው ውስጥ ዓይነት 44 የሚባለው ከሁሉ የታወቀ ሆነ፤ በኋላ በብዙ አገር ሙከራ የተደረገው በዚሁ ነው። የእርሻ ሰው ስም ከላቦራቶሪ ሰው ስም ኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ እንዶድን ከገበያ ቁና አውጥቶ ሊመዘን የሚችል መድኃኒት ያደረገው ግን የለገሠ ማሳ ነው።

የ1974ቱ አብዮት መጣ። አክሊሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ አገራቸውን ለቀው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ገቡ፤ ኋላም ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። እንዶድን ግን አልለቀቁም። ወደዚህ የታሪኩ ክፍል ሲደርሱ ብዙ ጸሐፊዎች የሚሄዱበት መንገድ ቀላል ነው፦ ነጮቹ ንቀው ጣሉት ማለት። ነገሩ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል።

በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ለቀንድ አውጣ የሚረጨው መድኃኒት ኒክሎሳማይድ ነበር፤ የጀርመኑ ባየር በቤይሉሳይድ ስም ያመርተዋል። ቶኑ በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች እንዶድን በመስክ ለማስፋፋት ቀድሞ የመርዝነት ጥናቱ በታወቀው ዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ሥርዓት መሠራት አለበት አሉ። ጥያቄው ከሳይንስ አንፃር ትክክል ነው። ሰው የሚጠጣው፣ ከብት የሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚረጭ ነገር ነው፤ ለዘመናት ልብስ ታጥቦበታል ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እኔ የጠያቂዎቹን ጥያቄ አልነቅፍም። የምነቅፈው ጠይቆ ዝም ማለትን ነው። ጥናቱ እጅግ ውድ ነው፤ ለሠራው ኩባንያ በፓተንት የሚመለስ ትርፍ የሌለበት፣ ማንም ገበሬ በጓሮው የሚተክለው ፍሬ ነውና የሚከፍልለት ኩባንያ አይመጣም። ጠያቂው አካል ራሱ ካልከፈለ ማን ይከፍላል? ዓመታት በዚህ ጥያቄ ላይ አለፉ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ስለመጣ፣ በ1980ዎቹ የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ በሽተኛው ዞረ።

አክሊሉ መንገድ ፈለጉ። በ1983 ሉሳካ፣ ዛምቢያ ላይ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ሔይነማንና ከዛምቢያ ባልደረቦች ጋር የእንዶድ ሳይንቲስቶችን ሰበሰቡ። በ1986 ምባባኔ፣ ስዋዚላንድ ላይ ሁለተኛው ስብሰባ ተደረገ፤ ሊዲያ ማኩቡ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበሩ። ከዚህ በኋላ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ አውጥቶ፣ በኦታዋ የካርልተን ዩኒቨርሲቲው ጆን ላምበርት የሚያስተባብሩት የደኅንነት ጥናት ተጀመረ።

በታኅሣሥ 1989 አክሊሉና ለገሠ ስቶክሆልም ላይ አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። አክሊሉ በዚያ ባሰሙት ንግግር የአፍሪካ ምርምር ችግር የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ፣ አፍሪካ ውስጥ በአፍሪካውያን የተገኘ ውጤት የማይታመንበት አመለካከትም እንዳለበት በግልጽ ተናገሩ። ቅሬታቸው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የራሱ መጽሔት ያሳተመውን ሥራ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ወሬ መቀበል ሌላ ምን ይባላል?

የተጠበቀው ጽሑፍ በ1991 ወጣ፤ የወጣበት መጽሔት የሕግ ቁጥጥርን ከቶክሲኮሎጂና ከፋርማኮሎጂ ጋር የሚያገናኝ ዓለም አቀፍ መጽሔት ነው። ከላምበርት ጋር የለገሠ፣ የፓርክኸርስት፣ የሆላንድና የዴንማርክ ተመራማሪዎች ስም አለበት። ውጤቱ ደረቅ ነው፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። እንዶድ በባክቴሪያ ሙከራ የዘር ለውጥ አላመጣም። በአፍ ሲሰጥ ለአጥቢ እንስሳት ያለው መርዝነት አነስተኛ ነው። ዓይንን በጣም ያቃጥላል፤ ስለዚህ የሚፈጨውና የሚረጨው ሰው መነጽር ያስፈልገዋል። ዓሣ ይገድላል፤ ኒክሎሳማይድም ይህንኑ ያደርጋል። ውኃ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። አድዋ ላይ አረፋው ከተጨመረበት ዕለት እስከ 1991ዱ ጽሑፍ ድረስ 27 ዓመት አልፏል።

ሌላ ቦታ ግን ነገሩ ፈጠነ። በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የሜዳ አህያ መስመር ያለው የውጭ ዛጎል እንስሳ ተገኘ፤ የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ከፍተኛ ኪሳራ ያደርስ ጀመር። አክሊሉ ከኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር እንዶድን ሞከሩበት፤ ሠራ። በ1993 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ፤ አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ቢሆኑም የመብቱ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ነበር። ለአፍሪካ ሕፃን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ማስረጃ የተጠየቀበት ፍሬ ለአሜሪካ ቧንቧ በጥቂት ዓመት የባለቤትነት ወረቀት አገኘ። የእንዶድ ስም በብዝኃ ሕይወት ዝርፊያ ክርክር ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው።

አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ተመራማሪዎቹም ከእሳቸው በኋላ ወሎ ባቲ አካባቢ በሚገኙ ወንዞች እንዶድን መልሰው ፈትሸዋል። ደቡብ ላይ ደግሞ የሰብል ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እንዶድን የበቆሎን አገዳ ቆርቁር ለመግታት ሞክረዋል፤ ጽሑፉ በ1999 ወጥቷል። በወንጂ ቢልሃርዚያ አልጠፋም። በሽታውን የምንዋጋው በዋነኛነት በትምህርት ቤት በሚታደለው ፕራዚኳንቴል ነው። ክኒኑ ጥሩ ነው፤ የታከመ ልጅ ግን ያኑ ቦይ ሲዋኝ መልሶ ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ስለ ቀንድ አውጣ መድኃኒት አረጫጨት መመሪያ አውጥቷል፤ በ2022 ደግሞ ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከመከላከያው አንዱ መሆን እንዳለበት መክሯል። የሚመክረው መድኃኒት አሁንም ኒክሎሳማይድ ነው።

ስለዚህ በቶክሲኮሎጂ፣ በፋርማኮሎጂ ወይም በግብርና ለመመረቅ ርዕስ የምትፈልጉ ወጣቶች ካላችሁ፣ ፋይሉ አልተዘጋም። ከ1991ዱ ጽሑፍ ጀምሩ። የዓሣው ጉዳይ በሐይቆቹ ላይ አልተፈታም፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር ቦይ በዓመት ስንት ኪሎ ፍሬ እንደሚያስፈልግና ከደጋ አምጥቶ ዋጋው ስንት እንደሚሆን በአዋሽ ላይ ተሠርቶ መታየት አለበት፤ የለገሠ ምርጥ ዝርያዎችም በማን እጅ፣ በምን ሁኔታ እንዳሉ መጠየቅ ይገባል። መልካሳ የምርምር ጣቢያ፣ ቦይና ወንዝ ሦስቱንም በአንድ ቦታ የያዘች ከተማ ናት፤ ለመጀመር ከእሷ የቀረበ ቦታ አይታየኝም።